ድመታችን መንገድ ላይ ተገጭቶ ሞተ፤ ማንም አልነገረንም። የመናገር ግዴታ የለባቸውም እንዴ?

የዳማ እናት (ለንደን)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ሌላ የት እንደምጠይቅ ግራ ገባኝ። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ በተለይ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የምትሠሩ ወይም ሕጉን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ዳማ የሚባል ድመት ነበረን። ስሙን ያወጡለት አባቴ ናቸው፤ ከጎንደር በቪዲዮ ሲያዩት "ይኼማ የአያቴን ፈረስ ቁርጥ!" አሉ፣ በዚያው ዳማ ሆኖ ቀረ። አራት ዓመት አብሮን ኖሯል። ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ውለን ስንመለስ የለም። መጀመሪያ አልደነገጥንም፣ አንዳንዴ ያመሻል። በሦስተኛው ቀን ፎቶውን አሳትመን በየመብራት እንጨቱ ለጠፍን፤ የሰፈር ዋትሳፕ ላይ አወጣን፤ ልጄ የጎረቤቱን ጋራዥ ሁሉ እያንኳኳች አስከፈተች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ደጃፋችን ላይ በሰሃን ቱና ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ስትነሳ ሰሃኑ ባዶ ነው። "አየሽ እማዬ፣ በሌሊት እየመጣ ነው" ትለኛለች። እኔም ልቤ ትንሽ ትንሽ አመነ፣ ምን ልበላችሁ።

አምስት ሳምንት እንዲህ ከርመን፣ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ከእረፍት ተመለሰችና ማስታወቂያውን አየች። ያን ዕለት ማታ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ቡናማ ድመት ከአስፋልት ላይ አንስቶ በጥቁር ፌስታል ሲከት አይታ ነበር። የኛ መሆኑን አላወቀችም። ካውንስሉ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "የድመት መዝገብ አንይዝም" አለችኝ፣ በቃ። ቆዳው ሥር የተቀበረ መለያ ቺፕ አለው እኮ! አልኳት። እሱንም የማንበብ ግዴታ የለብንም አለችኝ።

እውነት ነው? ውሻ ቢሆንስ እንዲህ ይሉኝ ነበር? አሁንስ ማወቅ የምችልበት መንገድ አለ ወይ? የሞተውን አስነሱልኝ አላልኩም። የኛ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው ማወቅ የፈለግኩት፤ ልጅቷ ዛሬም ቱና እያስቀመጠች ነው።

ጠበቃ ያልሆነ (በርሚንግሃም)

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና ውሻ ገጭቼ ስለነበር ይሄን ሕግ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ አንብቤዋለሁ።

ያቺ ልጅ የነገረችሽ፣ አነጋገሯ ቢደብርም፣ በሕጉ ልክ ነው። የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 170 ላይ ሹፌር ሲገጫቸው መቆም ያለበት እንስሳት በስም ተዘርዝረዋል፦ ፈረስ፣ የቀንድ ከብት፣ አህያ፣ በቅሎ፣ በግ፣ አሳማ፣ ፍየልና ውሻ። ቆመሽ ስምና አድራሻ መስጠት አለብሽ፤ እዚያው የምትሰጪው ሰው ከሌለ ደግሞ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ነው። ድመት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዝርዝሩን ልብ ብለሽ ካየሽው የገበሬ ንብረት ቆጠራ ነው የሚመስለው፤ የሚታረስበት፣ የሚጫን፣ የሚታለብ፣ የሚታረድ፣ መጨረሻ ላይ ጠባቂው። ድመት አይጥ ከመያዝ ሌላ ምን ትሠራለች ብለው መሰለኝ የተዉዋት።

የቺፑ ነገር ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል። ውሻ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ቺፕ ግዴታው ነው። ድመትም እዚህ እንግሊዝ ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮ 20 ሳምንት ሳይሞላት ቺፕ ሊገባላት ይገባል። ያላስገባ ሰው ሲገኝ 21 ቀን ይሰጠዋል፤ በዚያ ካላስተካከለ ቅጣቱ እስከ 500 ፓውንድ ይደርሳል። እና አንቺ ካላስገባሽ ትቀጪያለሽ፣ ያስገባሽውን ቺፕ ግን ካውንስሉ እንዲያነብ የሚያስገድደው ሕግ የለም። በፈቃዳቸው የሚያነቡ ካውንስሎች ብዙ ናቸው፤ የማያነቡም አሉ። እንግዲህ የሰፈር ዕድል ነው።

ይሄ እንዲቀየር የሚታገሉ ሰዎች አሉ። ጊዝሞ በምትባል ድመት ስም የሚጠራ ዘመቻ አለ፤ ጥያቄው አንድ ነው፣ ካውንስል የሞተች ድመት ሲያነሳ ስካን ያድርግና ባለቤቱን ይፈልግ። ፓርላማ ድረስ ደርሷል፣ እስካሁን እኔ እስከማውቀው ሕግ ሆኖ አልወጣም። ለውሻ ግን በዚሁ መንገድ ተሳክቷል። ሃርቬይ የሚባል ውሻ በ2013 ጠፍቶ ባለቤቶቹ ወደ ሦስት ወር ገደማ ሲፈልጉት፣ ለካ አውራ ጎዳና ላይ ተገጭቶ ሞቶ ተቃጥሏል። ቺፕ ነበረው። ሰዉ ፊርማ አሰባስቦ በ2015 ፓርላማ ተወያየበትና፣ በትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚገኝ የሞተ ውሻ ስካን ተደርጎ ባለቤቱ እንዲፈለግ ተደረገ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፣ አዎ፣ ውሻ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

አቦል

ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተ ሰዎች ጤነኞች ናችሁ? አገር ቤት ሰው መንገድ ላይ ተገጭቶ ቤተሰቡ በሳምንቱ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ለድመት ፓርላማ? ነፍስ ይማር እንበል እንዴ ደግሞ?

የዳማ እናት (ለንደን)

@አቦል፣ ነፍስ ይማር በል አላልኩህም ወንድሜ። ልጄ በየማታው ደጅ ወጥታ የምትጠራውን ስም ብትሰማ ግን እንዲህ አትጽፍም ነበር። ለሰውም ለድመትም ማሳወቅ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

@ጠበቃ ያልሆነ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አበሳጨኸኝም አረጋጋኸኝም።

ሌሊት ፈረቃ

እኔ የጽዳት ሥራ ላይ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ለንደን ነው፣ የትኛው ካውንስል እንደሆነ አልናገርም። ከፌስታሉ በኋላ ያለውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ የሚመልሱልሽ ሰዎች ራሳቸው አያውቁትም።

መንገድ ላይ የሞተ እንስሳ አለ ብሎ ሰው ሲደውል በስልካችን ትእዛዝ ይመጣልናል። የመንገዱ ስም፣ ሰዓቱ፣ ምን ዓይነት እንስሳ። ሄደን እናነሳለን፣ ያለበትን እንጽፋለን፣ ትእዛዙን እንዘጋለን። እኛ ጋ ውሻና ድመት ከሆነ ከቀበሮና ከእርግብ ተለይቶ ዴፖ ያለው ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፣ የተወሰነ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ የሚያቃጥለው ድርጅት መጥቶ ይወስደዋል። ስካነሩ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ያለች ነገር ናት። እኛ ጋ አንድ ብቻ ናት ያለችው። በፊት የነበረው አለቃችን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎባት ቁልፉን ይዞ ቤቱ ይሄድ ነበር፣ ሌሊት የተነሳ ድመት ሳይነበብ ይቀራል ማለት ነው። አሁን ያለችው አለቃ ራሷ ሁለት ድመት አላት፣ እና ስካነሯ መኪናው ውስጥ ነው የምትውለው። ልዩነቱ ይኼው ነው። ሕጉ ምንም ሳይቀየር፣ ሰው ሲቀየር ተቀየረ።

ሲነበብም መንገድ አለው። ቺፑ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሀል ከቆዳ ሥር ነው የምትገባው፣ ግን ቦታዋን ለቃ ወደ ደረት ወይም ወደ ፊት እግር የምትወርድበት ጊዜ አለ። ጀርባውን አንዴ ዳሰስ አድርጎ "ቺፕ የለውም" ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ሙሉ ሰውነቱን ቀስ ብለህ፣ እግሩን ጭምር፣ ገልብጠህም ማሳለፍ አለብህ። ባትሪ የላትም፣ የራሷ ሲግናል አትልክም፣ ስካነሩ ሲጠጋ ብቻ ነው 15 አኃዝ የምትመልሰው። ስምሽ የለበትም፣ ስልክሽ የለበትም፣ ጂፒኤስም አይደለችም (ይሄን ስንት ጊዜ ለሰው እንዳስረዳሁ)። ቁጥሩን ይዘሽ የትኛው መዝገብ ውስጥ እንዳለ መፈለግ ነው። እዚህ አገር መዝገቡ አንድ አይደለም፣ የተለያዩ ድርጅቶች የየራሳቸውን ይይዛሉ። እዚያ የተጻፈውን ስልክ ነው የሚደወለው።

አሁን አንቺ የምታደርጊው ይሄን ነው። "የድመት መዝገብ" ብለሽ አትጠይቂ፣ የለም ይሉሻል፣ እውነትም የላቸውም። "የሞተ እንስሳ የማንሳት ትእዛዝ" ብለሽ ጠይቂ። መንገዱን ንገሪያቸው፣ ያንን ሳምንት ንገሪያቸው። ጽዳቱን የሚሠራው ኮንትራክተር ከሆነ መዝግቦታል፣ ለምን ብትይ ያልመዘገበው ሥራ አይከፈለውማ። አሁንም እምቢ ካሉሽ በጽሑፍ በመረጃ ነፃነት ሕጉ ጠይቂ፣ በፈረንጆቹ የ2000 ሕግ ነው፣ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ሰውዬውን ግን አትቀየሚው። ያነሳው ሰው ማለቴ ነው። በፌስታል ከተተው ስትይ ከፋኝ፣ የሚሰጡን ፌስታል ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ፊቱን ጠርጌ ነው የምከተው።

አሮጌ ሹፌር (አዲስ አበባ)

የልጄ ልጅ አሳይታኝ ነው ያነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት በኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ደሴ መስመር ተመላልሻለሁ፤ ያ የእንግሊዝ ሕግ የተባለውን ሳነብ ሳቅኩ፣ የኛው የመንገድ ደንብ ነው እኮ! ማንም አልጻፈውም እንጂ።

በሬ ከገጨህ ትቆማለህ። ባትቆምም ያስቆሙሃል። ሸዋ ሮቢትን አልፌ አንድ ጊዜ አህያ መታሁ፣ ከየት ወጣ ሳልል ሰዉ ከበበኝ። መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን ናት?" ነው፤ አንድ ልጅ እየሮጠ ሄዶ ባለቤቷን ከእርሻ ጠርቶ አመጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ። እሳቸው ያሉት ዋጋና እኔ ያልኩት ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ነበር፣ ሆኖም መሀል ላይ ተገናኘን፣ ከፈልኩ፣ ጠላም አጠጡኝ። ቺፕ ምን ያደርጋል፣ እያንዳንዱ ልጅ የማን አህያ የማን እንደሆነች በጆሮዋ ያውቃታል።

ውሻ ሲሆን ግን ማንም አይመጣም። አንድ ሌሊት ከተማ ልገባ ስል፣ ለገጣፎ አካባቢ፣ ውሻ ገባብኝ። የመታሁት ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ረዳቴ "ሂድ ጋሼ፣ ውሻ ነው" አለኝ። ሄድኩ። ትንሽ እንደሄድኩ በመስታወቱ ሳይ አንድ ዘበኛ ጋቢውን እንደለበሰ ባትሪ እያበራ ወጥቶ አጎነበሰ። የሱ ነበር ማለት ነው። ሌሊቱን አብሮት የሚያድር ጓደኛው። ቆሜ "ይቅርታ አባቴ፣ አላየሁትም" ብለው ምን ይቀርብኝ ነበር? ገንዘብ አይጠይቀኝም። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ የአህያዋን ሰዎች መልክ ረስቻለሁ፣ እሱን አልረሳሁትም።

አቦል ልጄ፣ የሰውም ጉዳይ እንዲህ ነው የሚጀምረው። አንተን ለመቆጣት አይደለም።

አቦል

ጋሼ፣ እሺ። ተቀብያለሁ። የዳማ እናትም ይቅርታ፣ ሙዴ ጥሩ ባልነበረበት ቀን ነው የጻፍኩት።

ቢጫ ታክሲ (ኒውዮርክ)

ለማወቅ ያህል፣ እዚህ ኒውዮርክ ስቴት ድመትም በሕጉ ውስጥ በስሟ አለች። ፈረስ፣ ውሻ፣ ድመት ወይም ከብት ገጭቶ የጎዳ ሹፌር መቆም፣ ባለቤቱን ወይም ፖሊስ መፈለግና ማመልከት አለበት። ሌሎቹ ስቴቶች የየራሳቸው ነው፣ እዚያ ያላችሁ ራሳችሁ አጣሩ። ሕጉ አለ ማለት ግን ሁሉም ይቆማል ማለት አይደለም፤ ሌሊት ብሮንክስ ውስጥ ለድመት የቆመ መኪና አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ይሄን ያወቅኩት ለፈተና ሳጠና ሳይሆን የጓደኛዬ ድመት ከተገጨች በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የአንገት ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥር ጻፉ። ድመት ሲጠመድበት በራሱ የሚፈታ ዓይነት አለ፣ እሱን ግዙ፣ አለበለዚያ አጥር ላይ ታንቆ ይሞትባችኋል። ጎረቤት ስካነር የለውም፣ ዓይን ግን አለው።

የዳማ እናት (ለንደን)

ቆየሁባችሁ፣ ይቅርታ። እዚህ የመለሳችሁልኝን ሁሉ ዕዳ አለብኝ ብዬ ነው የተመለስኩት።

@ሌሊት ፈረቃ እንዳልከው ደወልኩ፣ "የሞተ እንስሳ የማንሳት ትእዛዝ" አልኩ፣ መንገዱን አልኩ፣ ቀኑን አልኩ። በዚህኛው ጊዜ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ሁለት ደቂቃ ጠብቂኝ አለኝ። ተገኘ! ኅዳር 12 ማታ፣ ድመት፣ ቡናማ፣ ነጭ ደረት፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ። ከጎኑ "ስካን፦ አልተደረገም" ይላል። ሰውዬው አንብቦልኝ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ነጭ ደረት ሲል አበቃ።

ልናደድባቸው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ደብዳቤ ሁሉ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ደብዳቤው ላይ የቺፑን ቁጥር ላስገባ ብዬ የመዝገቡን ገጽ ስከፍት፣ የተጻፈው ስልክ የድሮው ስልኬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የቀየርኩት። አድራሻውም የድሮው ቤት ነው። ቤት ስንቀይር ባንኩን ቀየርኩ፣ የልጄን ሐኪም ቀየርኩ፣ የሞግዚቷን አውቶቡስ ካርድ ሳይቀር ቀየርኩ፣ ዳማን ረሳሁት። ያን ሌሊት ቢያነቡት እንኳ የሚደወለው ለማላውቀው ሰው ነበር። ደብዳቤውን ጨርሼ ልኬዋለሁ፣ ስካን ማድረግ አለባቸው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን ግማሹን ቁጣ አውጥቼ ነው የላክሁት።

ሌሊት ፈረቃ

አይዞሽ። ባለፈው ወር ካነበብኳቸው ሦስቱ፣ የሁለቱ ስልክ አይሠራም ነበር። አንዱን በአድራሻው ሄጄ በሩን አንኳኩቼ ነው የነገርኳቸው፣ ሥራዬ አይደለም፣ መንገዴ ላይ ስለነበር ነው። ሴትዮዋ አለቀሰችና ሻይ አፈላችልኝ። ሰዎች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ከፍታችሁ ስልካችሁን እዩት። አንዳንዶቹ መዝገቦች ለማስተካከል ትንሽ ያስከፍላሉ፣ ክፈሉ። ቁጥራችሁ የት እንደተመዘገበ ካላወቃችሁ ኢንተርኔት ላይ 15ቱን አኃዝ ስታስገቡ የትኛው መዝገብ ጋ እንዳለ ይነግራችኋል። ቁጥሩም ከጠፋባችሁ ድመቱን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ስካን ያደርግላችኋል።

ለልጅሽ ነገርሻት?

የዳማ እናት (ለንደን)

ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ነው አልኳት፣ አንድ ሰው አንስቶት ነበር አልኳት። ሌሊት ፈረቃ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ያንተን ቃል ሰርቄ "ፊቱን ጠርጎለት ነው የወሰደው" አልኳት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ብዙ አለቀሰች፣ ከዚያ "ታዲያ ቱናውን ማን ነበር የሚበላው?" አለችኝ። እኔም ስጠይቀው የኖርኩት ነው።

ጎረቤታችን በሯ ላይ ካሜራ አላት፣ ሄደን አየን። ቀበሮ ናት። አንድ እግሯን የምታነክስ ቀጭን ቀበሮ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ልቅም አድርጋ በልታ ትሄዳለች። ልጄ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው።

ዛሬም ማታ ሰሃኑን ይዛ ስትወጣ ዝም ብዬ አየኋት። ቱና ውድ ነው፣ ከነገ ጀምሮ የተረፈ ዶሮ ነው የምንሰጣት ብያታለሁ።